ዓይን ሲርበተበት፦ መንስኤውን ከዓይን ውጭ መፈለግ

ትናንት ሳሎን ውስጥ ይሮጥ የነበረ የ18 ወር ልጅ ዛሬ ቆሞ መቆየት ያቅተዋል። ማንኪያ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ትከሻውንና ጭንቅላቱን በድንገት ንዝር ንዝር ያደርገዋል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ቢያዝሉት፣ ቢያጠቡት፣ ቢያባብሉት አይረጋም። በዚያው ሳምንት ወይም ጥቂት ቆይቶ ዓይኖቹ መርበትበት ይጀምራሉ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ በሰያፍ፣ ያለ ሥርዓትና ያለ ፋታ። ይህ ሕመም ኦፕሶክሎነስ ማዮክሎነስ ሲንድሮም ይባላል፤ ኦፕሶክሎነስ የዓይኑ መርበትበት፣ ማዮክሎነስ የሰውነቱ ንዝር ነው።

የሚይዘው ሰው በጣም ጥቂት ነው። በብሪታንያ በተደረገ ክትትል ከ5 ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ በዓመት አንድ አዲስ ታማሚ ገደማ ተገኝቷል። የዓይኑን እንቅስቃሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ለይቶ ስም የሰጠው ፖላንዳዊው የነርቭ ሐኪም ኦጄሆቭስኪ ነው። ማርሴል ኪንስቦርን ደግሞ በ1962 የስድስት ሕፃናትን ታሪክ ጽፎ ሕመሙ በልጆች ላይ ምን እንደሚመስል አሳወቀ። አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሁሉ አንድም እንዲህ ያለ ልጅ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን የሚያውቅ ወላጅ፣ ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም የብዙ ወራት መንከራተትን ሊያሳጥር ይችላል። ወራቱ ደግሞ ዋጋ አላቸው፤ ይህ ሕመም እያደገ ያለን አንጎል የሚጎዳ ነውና።

መንስኤውን ለማወቅ መጀመሪያ ዓይኑን በትክክል ማየት ያስፈልጋል። ዓይን የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ይህ ሕመም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ኒስታግመስ ነው፤ በእሱ ላይ ዓይን ወደ አንድ ጎን ቀስ ብሎ ይንሸራተትና በፍጥነት ይመለሳል። ድግግሞሹ ምት አለው፤ አቅጣጫውም አንድ ነው። በኦፕሶክሎነስ ግን ቀስ የሚል ክፍል የለም። ሁለቱም ዓይኖች እኩል፣ በሁሉም አቅጣጫ፣ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይዘላሉ። አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንዶች መጥቶ ይጠፋል፤ ልጁ ዓይኑን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲያዞር ይነሣል። ዓይኑን ቢጨፍንም አይቆምም፤ ከቆዳው ሥር ሲንቀሳቀስ ይታያል። በእንቅልፍም ሊቀጥል ይችላል። መርበትበቱ ወደ ጎን ብቻ ከሆነ ኦኩላር ፍላተር ይባላል። መንስኤውም ተመሳሳይ ስለሆነ ፍለጋውም ያው ነው። (አዲስ የተወለዱ አንዳንድ ጤናማ ሕፃናት ተመሳሳይ የዓይን ዝላይ ያሳያሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የሚያሳስበው የሚሄድ፣ የሚናገር ልጅ ያገኘውን ችሎታ ሲያጣ ነው።)

እንቅስቃሴው የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ ሐኪሙ ፊት ላይታይ ይችላል፤ በስልክ መቅረጽ ይጠቅማል። ልጁን እናቱ ጭን ላይ ፊቱን ወደ መስኮት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፤ ካሜራው ፊቱን ብቻ እስኪሞላ ቅረቡ፤ አሻንጉሊት ወይም ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያላችሁ አሳዩት። ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል። ሌላ ቪዲዮ ሲራመድ ወይም ለመቆም ሲሞክር፣ ሌላም ተኝቶ ሳለ ቅረጹ። ለሐኪም በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቅና ፈጣኑ እንቅስቃሴ ይደበዝዛል።

ችግሩ የት ነው?

ዓይናችን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ የሚሻገረው በዝላይ ነው። ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ የሰከንድ አምስተኛ ያህል ያርፋል። ዝላዩን የሚያዝዙ ነርቮች በአንጎል ግንድ ውስጥ ናቸው፤ የጎኑን ዝላይ የሚያዝዙት ፖንስ በሚባለው ክፍል፣ የላይና ታቹን የሚያዝዙት ከእሱ ከፍ ብለው በመሐል አንጎል። ሌሎች ነርቮች ደግሞ እነዚህን ይዘው ዝም ያሰኟቸዋል፤ ዓይን ሲያርፍ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ማለትም ሴሬቤለም፣ ዝላዩ ከልክ እንዳያልፍ ይቆጣጠራል። በውስጡ ያሉት ፐርኪንየ የሚባሉ ትልልቅ ሴሎች ሥራቸው መግታት ነው። ፋስቲጂያል የተባለውን ጥልቅ የነርቭ እምብርት ይገታሉ፤ እምብርቱም የአንጎል ግንዱን ዝላይ አዛዦች ያነሣሣል።

አሁን ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ይህ ነው፦ የፐርኪንየ ሴሎች ግታቸው ሲላላ ፋስቲጂያሉ ያለ ልክ ይነቃል፤ ፍሬን እንደተበጠሰ መኪና ዓይኑ ማረፊያ ያጣል። ሌሎች ተመራማሪዎች ጥፋቱን የአንጎል ግንዱ አስቁሞ ያዥ ነርቮች ላይ ያደርጋሉ። ሁለቱም ሐሳቦች ስለ አንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዓይኑ፣ የዓይን ጡንቻውና ወደ ዓይን የሚሄደው ነርቭ ጤነኞች ናቸው። ልጁ የሚንገዳገደውና እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚነጫነጨውና እንቅልፍ የሚያጣውም ከዚሁ ከሴሬቤለሙና ከእሱ ጋር ከተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ነው። በመነጽርም ሆነ በዓይን ጠብታ የሚስተካከል ነገር የለም።

ሴሬቤለሙን ማን አጠቃው? አብዛኛውን ጊዜ የራስ የመከላከያ ሥርዓት ነው። በብዙ ታማሚዎች ከጀርባ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ከልክ በላይ በዝተው ይገኛሉ፤ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ሲሰጡም ሕመሙ ይበርዳል። አንቲቦዲ የሚባሉ የተለያዩ የመከላከያ ፕሮቲኖችም በተለያዩ ታማሚዎች ተገኝተዋል። ሆኖም በሕፃናት ላይ ሕመሙን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስቀር አንድ አንቲቦዲ የለም። አንቲቦዲው አልተገኘም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። አቅም ውስን ከሆነ የልጁን ገንዘብ በውድ የአንቲቦዲ ምርመራ ላይ ከመጨረስ ለደረትና ለሆድ ምስል ማስቀመጥ ይሻላል።

በልጅ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ዕጢ

ይህ ሕመም ከያዛቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በሰውነታቸው ውስጥ ኒውሮብላስቶማ የሚባል ዕጢ ይገኝባቸዋል። ኒውሮብላስቶማ ሲምፓቴቲክ ከሚባለው የነርቭ ሥርዓት ገና ካልበሰሉ ሴሎች የሚነሣ የልጅነት ካንሰር ነው። ከኩላሊት በላይ ባለችው አድሬናል ዕጢ ውስጥ ወይም ከአንገት እስከ ዳሌ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በተዘረጋው የነርቭ ሰንሰለት ላይ ይበቅላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚታየውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ዕጢውም የዚያ ዕድሜ ነው።

የሚገርመው፣ ከኒውሮብላስቶማ ታማሚዎች ሁሉ ይህ የዓይን ሕመም የሚይዘው 2 ወይም 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የእነሱም ዕጢ ባመዛኙ ትንሽ፣ ያልተሰራጨና የዋህ ጠባይ ያለው ይሆናል። ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሊምፎሳይት በሚባሉ የመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው። ይህ የሚናገረው ብዙ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ ዕጢውን አይቶ ተነሥቷል፤ ዕጢውን በከፊል ገትቶታል። ዕጢውና ሴሬቤለሙ ግን ሁለቱም ከነርቭ ዘር ስለሆኑ የሚመሳሰል ፕሮቲን እንዳላቸው ይታሰባል፤ ለዕጢው የተሠራው መከላከያ አንጎሉንም ይመታል። ስለዚህ ከካንሰሩ መዳን በጣም የሚቻል ነው፤ ከ10 ልጆች ከ9 በላይ ይተርፋሉ። በሕይወት ዘመን የሚቆየው ጉዳት ከአንጎሉ በኩል ነው።

በቀሩት ግማሽ ልጆች ላይ ዕጢ አይገኝም። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ዕጢ ኖሯቸው የመከላከያ ሥርዓቱ ራሱ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ኒውሮብላስቶማ በሕፃናት ላይ ያለ ሕክምና ሲጠፋ የታየ ካንሰር ነውና ሐሳቡ መሠረት አለው። አንዳንዶቹ ደግሞ ዕጢው ስላልነበራቸው ሳይሆን ፍለጋው ስላልተሟላ ነው የማይገኝባቸው።

ፍለጋው የሚበላሸው እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደው መንገድ ይታወቃል። ዓይን ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ዓይን ሐኪም ይኬዳል፤ ዓይኑ ደህና ነው ይባላል። ልጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሚጥል በሽታ ነው ይባልና ፌኒቶይን ወይም ሌላ መድኃኒት ይጀመራል። አያት ዓይነ ጥላ ነው ብለው ወደ እንጦጦ ጠበል ይወስዱታል። ከዚያ የጭንቅላት ኤምአርአይ ይታዘዛል፤ ቤተሰቡ ከዘመድ ተበድሮ ያሠራል፤ ውጤቱ ንጹሕ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ተስፋም ገንዘብም ይጨርሳል።

የጭንቅላት ኤምአርአይ በዚህ ሕመም መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚታዘዘው የአንጎል ዕጢን፣ መግልንና ሌላ ምክንያትን ለማስቀረት ነው። ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ የፍለጋው መጨረሻ መስሎ ሲታይ ነው ስሕተቱ፤ የሚፈለገው ነገር ከአንገት በታች ነውና። ፌኒቶይን ደግሞ መጠኑ ሲበዛ ራሱ ዓይንን ያንቀጠቅጣል፣ ያንገዳግዳል። ልጁ የባሰበት በመድኃኒቱ ነው ወይስ በሕመሙ የሚለውን መለየት ከባድ ይሆናል። የሚጥል በሽታ መሆኑ ከተጠረጠረ ዓይኑ በሚርበተበትበት ሰዓት የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢኢጂ፣ ቢሠራ ይለያል። በኦፕሶክሎነስ ጊዜ ልጁ ነቅቶ ያያል፣ ይሰማል፣ ስሙ ሲጠራ ይመልሳል።

ጠበሉን በተመለከተ ለመከልከል ከመታገል ቀጠሮው እንዳያልፍ መስማማት ይጠቅማል፤ ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም። የሚጎዳው መድኃኒት አቁሙ ተብሎ ሲቆም ነው። በተለይ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ ማለትም የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም ስቴሮይድ፣ በድንገት አይቆምም።

አልትራሳውንድ ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ይታዘዛል፤ መታዘዙም ጥሩ ነው። አድሬናል ላይ ያለን ትልቅ ዕጢ ያሳያል። ነገር ግን የዚህ ሕመም ዕጢዎች ትንንሾች ናቸው፤ የአንጀት አየር ይሸፍናቸዋል፣ በደረት ውስጥ ከአከርካሪው ጎን የተደበቁትንም አልትራሳውንድ አያያቸውም። የደረት ራጅ አንዳንዴ ከአከርካሪው ጎን ጥላ ያሳያል፤ ትንሹን ግን ያሳልፋል። የሽንት ምርመራም ሌላው ወጥመድ ነው። ኒውሮብላስቶማ ቪኤምኤ እና ኤችቪኤ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ሽንት ይለቃል። ለሕፃን የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ስለሚያስቸግር የአንድ ጊዜ ሽንት ተወስዶ በዚያው ሽንት ውስጥ ካለው ክሬአቲኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ይመዘናል። ከፍ ካለ በጣም ይረዳል። ካልሆነ ግን ምንም አያስቀርም፤ ዕጢው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሽንቱ ንጹሕ ነው። «አልትራሳውንዱም ሽንቱም ደህና ነው፣ ዕጢ የለም» የሚለው አረፍተ ነገር በዚህ ሕመም ላይ ትልቁ ስሕተት ነው።

ትክክለኛው ጥያቄ ከአንገት እስከ ዳሌ፣ በአንድ ጊዜ፣ በንፅፅር መድኃኒት የሚሠራ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ነው። የምርመራ ወረቀቱ ላይ «አንገት፣ ደረት፣ ሆድና ዳሌ፤ ኒውሮብላስቶማ ለመፈለግ፤ የአከርካሪ ጎኖች ይታዩ» ተብሎ ቢጻፍ የምስል ባለሙያው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። «ሆድ» ብቻ ተብሎ ከታዘዘ ደረቱ ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ክፍያና ለሌላ ማደንዘዣ ይቀራል። የ2 ዓመት ልጅ ለኤምአርአይ ዝም ብሎ ስለማይተኛ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። የተለመደው ትእዛዝ ጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት አስቀድሞ ማቆም ነው፤ የሚያደነዝዘው ባለሙያ የሚላችሁን ግን ተከተሉ። አንድ ጉርሻ በመብላት ብቻ ቀጠሮ ሊሰረዝ ይችላል። ሲቲ ስካን ፈጣን ነው፤ ጨረር ግን አለው፤ በተደጋጋሚ የሚሠራ ከሆነ ኤምአርአይ ይመረጣል። ኤምአይቢጂ የሚባለው የኒውክሌር ምስል በሚገኝበት አገር ይጨመራል፤ እሱም ቢሆን ትንሹን ዕጢ ሊያልፈው ይችላል።

ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው አልተዘጋም። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። ይህን ቀጠሮ በካርዱ ላይ አስጽፉት፤ ልጁ በመድኃኒት ተሽሎት ሲሮጥ ሲታይ ሁሉም ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ከምስሉ በፊት እጅና ዓይን የሚያዩትም አለ። የአንዱ ዓይን ቆብ ዝቅ ብሎ በዚያው ዓይን ብሌኑ ከሌላው ካነሰ ዕጢው አንገት ወይም የደረት አናት ላይ ሊሆን ይችላል። እግር ከደከመ ወይም ሽንትና ሰገራ ካስቸገረ ዕጢው ወደ አከርካሪው ቦይ ገብቶ ይሆናል፤ ይህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።

በመሐል ከተማ ይህን ሁሉ ለማቀናጀት ጥቁር አንበሳ የሚመረጥበት ምክንያት የሕፃናት ሕክምና፣ የሕፃናት ካንሰር፣ የነርቭና የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች እርስ በርስ በቅርብ ስለሚገኙ ነው። ሪፈሩ ላይ «ዓይን መንቀጥቀጥ» ብቻ ከተጻፈ ወደ ዓይን ክፍል ይመራችኋል። «ድንገተኛ መንገዳገድ፣ ኦፕሶክሎነስ፣ ኒውሮብላስቶማ ይጠረጠራል» ተብሎ ከተጻፈ መንገዱ ይቀየራል።

ኢንፌክሽን፦ እውነተኛ መንስኤ፣ አሳሳች ምስክርም

ሁለተኛው የመንስኤ ቡድን ኢንፌክሽን ነው። የአንጀት ቫይረሶች፣ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ ማይኮፕላዝማ፣ ኮቪድ 19 እና ሌሎችም ይህን ሕመም ተከትለው ሲመጡ ታይቷል፤ ወባን ተከትሎ የመጣበትም ተመዝግቧል። ተሕዋሲው ራሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ አይደለም የሚጎዳው፤ ለእሱ የተነሣው መከላከያ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴሬቤለሙን ሲመታ ነው።

ጉድፍ ከያዘው በኋላ የሚንገዳገድ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሕመም ነው ያለበት፤ ድንገተኛ የሴሬቤለም መታወክ ይባላል። ራሱ በሳምንታት ይድናል፤ ኦፕሶክሎነስና ያንን ከባድ መነጫነጭ አያመጣም። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ጊዜና ዓይን ነው። ይድናል የተባለው መንገዳገድ ከቆየ ወይም ከተሻለው በኋላ ከተመለሰ ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለው አለ። ዕጢ የተገኘባቸው ልጆችም ብዙዎቹ ከሕመሙ በፊት ጉንፋን ወይም ትኩሳት ነበራቸው። በዚያ ዕድሜ ጉንፋን የማይይዘው ልጅ የለም። «ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ስለዚህ ቫይረስ ነው» ብሎ ምስሉን መተው ዕጢውን ደረት ውስጥ ትቶ ልጁን ወደ ቤት መላክ ነው። የቫይረስ ነው የሚለው ስያሜ የሚሰጠው ዕጢው በሚገባ ተፈልጎ ከታጣ በኋላ ነው።

አዋቂ ሲሆን

በአዋቂ ሰው ዓይኑ በዚህ መልክ ሲርበተበት ዓለም ትዞርበታለች፣ ማንበብ አይችልም፣ ያስመልሰዋል፣ ካልደገፉት አይቆምም። የመንስኤው ዝርዝር ከልጆቹ ይለያል፤ ዕድሜና ጾታም ፍለጋውን ይመራሉ። በሲጋራ አጫሽ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው ስሞል ሴል የሚባለው የሳንባ ካንሰር ስለሆነ የደረት ሲቲ ይቀድማል። በሴት ላይ የጡት ካንሰር ይታሰባል፤ ከእሱ ጋር የሚሄደው ፀረ ሪ የሚባለው አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ ጡት በእጅ፣ በማሞግራም ወይም በአልትራሳውንድ ይታያል። በወጣት ሴት ላይ በእንቁላል እጢ ላይ የሚበቅል ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ሊሆን ስለሚችል የዳሌ አልትራሳውንድ አይታለፍ። ቴራቶማው ሲወጣ ብዙዎቹ ጥሩ ይድናሉ። ዕድሜው ከገፋና ከዓይኑ ጋር መዘባረቅ ወይም መፍዘዝ ካለ ካንሰር የመሆኑ ዕድል ይጨምራል።

በአገራችን ከሁሉ በፊት የሚሠራው ግን የኤችአይቪ ምርመራ ነው። ኤችአይቪ ይህን ሕመም በተለያየ ጊዜ ያመጣል፤ ቫይረሱ ገና በገባበት ሰሞን፣ ሳይታወቅ ቆይቶ መከላከያው ከወደቀ በኋላ፣ ወይም ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጀምሮ መከላከያው እንደገና ሲነቃ። በመጀመሪያው ጊዜ የተለመደው የፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ጥርጣሬ ካለ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። መድኃኒት ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓይኑ የተርበተበተ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ማቆም የለበትም፤ ክትትል ወደሚያደርግበት ክሊኒክ በዚያው ቀን ይሂድ።

ከዚያ መድኃኒትና መርዝ አለ። ሊቲየም፣ አሚትሪፕቲሊንና ፌኒቶይን መጠናቸው ሲያልፍ ኦፕሶክሎነስ ሲያመጡ ታይቷል። ሰውየው የሚውጠውን ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛውንም፣ በፌስታል ይዞ መምጣት ከማንኛውም ምርመራ በፊት የሚደረግ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ ማጥፊያዎችም እንዲሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ ምልክት የሚሸጥ ፀረ ተባይ ቤት ውስጥ ካለ፣ ታማሚውም ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስቀመጠውና ብሌኑ ከጠበበ መርዙ ይጠረጠር፤ ጠርሙሱ አብሮ ይምጣ። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ ታማሚም ይህን ሊያሳይ ይችላል፤ የጣት ደም መወጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እነዚህ መንስኤው ሲወገድ ዓይኑ በፍጥነት የሚረጋባቸው ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይጣራሉ።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት

ዕጢ ተገኘም አልተገኘም፣ በልጅ ላይ ያለው የመከላከያ ጥቃት መገታት አለበት። የሚሰጡት ስቴሮይድ፣ አይቪአይጂ የሚባለው ከብዙ ሰዎች ደም የተጣራ አንቲቦዲ፣ ከዚያም ሪቱክሲማብ ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ ናቸው። ፕሬድኒሶሎን በቀን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ ለ11 ኪሎ ልጅ 22 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በባለ 5 ሚሊ ግራም ኪኒን አራት ተኩል ያህል ማለት ነው። አይቪአይጂ መጀመሪያ ሲሰጥ በድምሩ በኪሎ 2 ግራም ስለሆነ ለዚሁ ልጅ 22 ግራም ነው። ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የሙቀት መጠን ያንብብ፤ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከበረዶ ጋር ይያዝ፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን አይንካ፣ ወደ በረዶነት ተቀይሮ የረጋው አይሰጥም።

ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ቲቢ ይጣራ፤ በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፣ የደረት ራጅ ይታይ። ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትልም ይታከም፤ በስቴሮይድ ጊዜ ወደ ደም ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ሪቱክሲማብ ከታሰበ የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ግዴታ ነው፤ መድኃኒቱ የተኛውን ቫይረስ ይቀሰቅሳል። የኩፍኝ ክትባት በአገራችን በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ሕፃኑ 15ኛ ወሩን ሳይከተብ ታሞ ከሆነ ለክትባት ባለሙያው ይነገር፤ ሕያው ክትባት በከፍተኛ ስቴሮይድ ላይ አይሰጥም፣ በኪሎ 2 ግራም አይቪአይጂ ከወሰደ በኋላም 11 ወር ያህል ይጠበቃል።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ዓይኑ ወዲያው ካልቆመ ወላጆች ተታልለናል ብለው ያስባሉ። አልተታለሉም። ዕጢው ቀስቃሹ ነው፤ የተቀሰቀሰው መከላከያ ግን ዕጢው ከሄደ በኋላም በራሱ ይቀጥላል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የመድኃኒት ሕክምናውን አያስቀረውም፤ መድኃኒቱም ቀዶ ሕክምናውን አያስቀረውም። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይሄዳል። ዓይኑና እግሩ ሲስተካከሉም ንግግር፣ ጠባይና ትምህርት ወደ ኋላ ሊቀሩ ስለሚችሉ ከመጀመሪያው ይከታተሉት፤ ቀድሞና ጠንከር ብሎ መታከም ይህን ጉዳት ይቀንሳል ብለን እናምናለን።

ማገርሸት በብዛት የሚመጣው በሁለት አጋጣሚዎች ነው፤ ስቴሮይዱ ሲቀነስና ልጁ ትኩሳት ሲይዘው። የመድኃኒቱ መጠን ሲቀነስ ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፉን፣ መነጫነጩንና አረማመዱን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ከዓይኑ ቀድመው የሚበላሹት እነሱ ናቸው። ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ ትኩሳቱ ይታከም፤ ስቴሮይድ የሚወስድ ልጅ ትኩሳት በዚያው ቀን ይታይ። የመድኃኒቱ ክምችት ቤት ውስጥ ከ7 ቀን በታች ሳይወርድ ቀጣዩን ግዙ፤ ገበያ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ከነማ ፋርማሲዎችን ጨምሮ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ ካስመለሰውና ኪኒኑን መዋጥ ካቃተው ነገ ብላችሁ አትጠብቁ፤ በመርፌ እንዲሰጠው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።